ጋሽ አለልኝ የለጠፉት ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ስለ ለውጥ አመራር ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት ኃላፊ እጇን አወጣችና፣ የሠራተኛ ድልድሉን በቴሌግራም ግሩፕ ብትለቀው ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ያን ቀን ግን ጋሽ አለልኝ ትዝ አሉኝ።

ከእሳቸው ጋር ስሠራ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ፣ አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ የተመለስኩ የለውጥ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ኃላፊያችንን አቶ ስንሻውን ለውጡን እንዴት እንደሚመሩ ማማከር ነው። አቤት ጉራዬ! አባቴ የሚሆኑ ሰው "አንተ ታውቃለህ" ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ አለልኝ የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ። የባለጉዳዩን ስም ሲሰሙ እጃቸው በቀጥታ ፋይሉ ላይ ያርፋል። በጥቅምት የባቄላ እሸት በፌስታል ይዘው እየመጡ ጠረጴዛችን ላይ ያፈሱልናል። እኔ በሥራ ሰዓት እሸት መፈልፈል ነውር ነው ባይ ነበርኩ፣ እየበላሁ።

በአዲሱ አደረጃጀት መዝገብ ቤቱ ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቀለ። እሳቸው ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ዓባይ በረሃ አጠገብ ወዳለ ወረዳ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነው ተመደቡ። አቶ ስንሻው ነገሩ ከበዳቸው። ሁለት ሽማግሌ ይዘን በጠዋት ቤታቸው እንሂድ አሉ። እኛ አገር መርዶ እንዲያ ነው፤ በመንገድ አይነገርም፣ ሰውየውን ቤቱ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያረዱት። እኔ ሳቅሁ።

"ለውጥ እኮ መርዶ አይደለም። ለሁሉም እኩል ይለጠፍ፤ ግልጽነት ማለት እሱ ነው" አልኳቸው።

እሳቸውም የድልድሉ ዝርዝር ላይ ፈረሙ።

ዝርዝሩን ይዤ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ እዚያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ጋሽ አለልኝ ራሳቸው ሰሌዳው ላይ ይለጥፉታል። የዘወትር ልማድ ነውና ልብ እንኳ ሳልል እጃቸው ላይ አኖርኩት።

መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያኔ ነው። ወረቀቱን ልቀማቸው ፈለግኩ፤ ግን አልቀማኋቸውም።

"ስንት ቀን ይቆይ?" አሉኝ።

"አሥር ቀን፣ ጋሼ።"

ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተሙን መቱ፣ ሙጫ ቀብተው ቀጥ አድርገው ለጠፉት። ሠራተኛው ተሰብስቦ ሲያነብ አጠገቡ ቆመው ነበር። ከዚያ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ወደ ተመደቡበትም አልሄዱም፤ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ አማኑኤል ተመለሱ።

በሁለተኛው ወር ይቅርታ ልጠይቃቸው በሚኒባስ ሄድኩ። ታኅሣሥ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ቆሟል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ አፌን ልከፍት ስል፣ "መጀመሪያ ቁጭ በል" አሉኝ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ትኩስ የድንች ቅቅል ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበልኝ፤ እስክቀምስ ጠበቁኝ።

"ሥራውስ ይሁን፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ያን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ እንዲህ ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ?"

ስንት ጊዜ የተለማመድኩትን ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከፋሲካ በፊት ሞቱ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን ሁሉ ለወጣቷ ኃላፊ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነገርኳት። ድልድሉ የሚጎዳው ሰው እንዳለ ስጠይቃት፣ አንድ አዛውንት ሹፌር አሉ አለችኝ።

"እንግዲያው መጀመሪያ ቤታቸው ሂጂ።"

"ቤታቸውን አላውቀውም" አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ምን ብዬ ልቆጣት? እኔም የጋሽ አለልኝን ደጅ የረገጥኩት ዝርዝሩን ካስለጠፍኳቸው በኋላ ነው።