ረቡዕና ዓርብ የሚሞቀው ወንዝ

በአርባ ምንጭ ምድር የዓሣን ሐሳብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዓሣው ራሱ መንገድ ሲጠፋበት እኔን ነው የሚጠይቀው። እንዲህ እያልኩ ስጎርር የኖርኩ ሰው፣ ባለፈው በጋ የገጠመኝን እስካሁን ልረሳው አልቻልኩም።

ሥራዬ የአየር ንብረቱ ሲለወጥ ወንዞቻችን ለዓሣ መኖሪያ ይሆኑ እንደሆነ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ላንቴ የምትባል መንደር አጠገብ፣ ሐሬ ወንዝ ውስጥ፣ እንቁላል የምታክል የሙቀት መለኪያ አስሬ ነበር። ልኬቷን በስልክ ትልክልኛለች። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሲቀላ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ስልኬን የምታስጮኸው መለኪያዋ ብቻ ነበረች።

አንድ ሰሞን ወንዙ በድንገት ሞቀ። ረቡዕና ዓርብ ምሽት ደግሞ ይብስበታል። ያው የጾም ቀን ስለሆነ፣ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ያወቀ ዓሣ ሁሉ በፍርሃት አልቦት ይሆናል ብዬ ቀለድኩ። የሚስቅልኝ ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም።

ልኬቱን ለኮምፒውተሩ ስሰጠው፣ ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ ወጥቶ ሐሬ ውስጥ እንቁላሉን የሚጥለው ዓሣ ድራሹ እንደሚጠፋ ነገረኝ። ሰኞ ይህን ስብሰባ ላይ ላቀርብ ነው። ከተሳሳትኩ መሳቂያ ልሆን፤ ካልተሳሳትኩ ወንዙ አለቀለት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ላንቴ ሄድኩ። መለኪያዋ ካሰርኩበት የለችም፤ ስልኬ ላይ ግን አሁንም የሙቀት ልኬት ይደርሰኛል። ሙዝ ማሳው መሐል ካለ ቤት መዝሙር ሰማሁና ልጠይቅ ጎራ አልኩ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ ለጸሎት የተሰበሰቡ ጎረቤታሞች ናቸው። መለኪያዬ ከነሽቦዋ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላለች!

"ያንተ ነች እንዴ?" አሉኝ የቤቱ እመቤት፣ ጠና ያሉ ሴት። "ውኃው ሸሽቷት አሸዋ ላይ ቀርታ አገኘናት። ባለቤቱ እስኪመጣ ብለን ሰቀልናት።"

"ረቡዕም ትሰበሰባላችሁ?"

"ረቡዕና ዓርብ። ምነው?"

"ወንዙን ያፈላችሁት እናንተ ናችኋ!"

መለኪያዋ ስትልክልኝ የከረመችው የወንዙን ሳይሆን የእነሱን ሙቀት እንደሆነ ሳስረዳቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልወጣ ስል ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝ። "ወዴት ነው? ቁጭ በል ወንድሜ! ኩርኩፋው በጎመን ነው፤ ቅቤ የለውም፣ ጾምህን አይነካብህም።"

ትኩስ፣ ድቡልቡል የበቆሎ ኩርኩፋ ከሰው ጋር ተሻምቼ በላሁ። እንዲያ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ!

ሰኞ ስብሰባው ላይ፣ ወንዙ እንዳልፈላ፣ ግን መለኪያዬን እስኪያጋልጣት ድረስ መጉደሉን ተናገርኩ። ለዓሣው ይኸም ቀላል መከራ አይደለም።

ጥናቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ላንቴ አሁን ምንም ሥራ የለኝም። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ "ወንዙን ላየው መጥቼ ነው" እያልኩ፣ ልክ ምግብ ሲቀርብ ብቅ እላለሁ። ውሸቴን ነው። ብቻዬን መብላት አቅቶኝ ነው።