የወጀቡ ዋንጫና የሊፍት ጠጋኙ ካፒቴን

ሰማይን የሚያውቀው በሊፍት ነው። እሱም እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ሕንጻው ያልቃል። በአውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። አየር ማረፊያ የደረሰውም የሚስቱን አክስት ሊሸኝ ሄዶ ጥበቃዎቹ ከበር የመለሱት ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ግን «ካፒቴን» ከመባል አላገደውም። ስሙን ያወጡለት የሚሠራበት ሕንጻ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ ሊያላግጡበት። እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው። ሹመት የጠማው ሰው ሽሙጥም ሲሰጡት ልኬ ነው ብሎ ይለብሳል።

ጠዋት ጣሪያ ላይ ወዳለችው የሞተር ክፍል ይወጣል። ገመዱን ይዳብሳል፣ ቅባት ይቀባል፣ ፍሬኑን ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ከዚያ በየፎቁ እየወረደ አልዘጋ ያለውን በር ይዘጋል፣ አልከፈት ያለውን ይከፍታል። ሰው በሁለት ፎቅ መሃል ተቀርቅሮ ሲጮህ፣ «ክቡራን መንገደኞች፣ ተረጋጉ! መንቀጥቀጥ ያለ ነው!» ይላል ድምፁን አጎርንኖ። የተቀረቀሩት ያኔ ነው በእውነት የሚደነግጡት። ሥራውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለባላንጣም ቢሆን የሚገባውን መስጠት ያባት ነው።

ቤቱ ሌላ አገር ነው። ሳሎኑን ሙሉ በሙሉ ተቆጣጥሮታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ወደ መተላለፊያው ተሰዳለች፣ ደንበኞቿም ልካቸውን የሚለኩት በመጸዳጃ ቤቱ በርና በጫማ መደርደሪያው መካከል ቆመው ነው። በተለቀቀው ነጻ መሬት ላይ፣ ከሚሠራበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ የተጣለ የሥራ አስኪያጅ ወንበር ከትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተተክሏል። ይህ ነው የአብራሪው ክፍል። አንድ የክንድ መደገፊያ የለውም፤ ሥራ አስኪያጁ ተናዶ ሰብሮት ነው ይባላል።

እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራል? ዋንጫ ይለቅማል። ላልገባችሁ እንዲህ ነው፦ በቴሌቪዥን ጌም ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ስትፈጽሙ ማሽኑ «ቲንግ!» ይልና በስማችሁ ዋንጫ ይመዘግባል። ነሐስ አለ፣ ብር አለ፣ ወርቅ አለ። የአንዱን ጌም ዋንጫ ሁሉ የለቀመ ፕላቲነም የሚባለውን የዋንጫ አለቃ ያገኛል። አይጨበጥም፣ አይሸጥም፣ አቧራ እንኳ አያርፍበትም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ወዳጅ ያየዋል። የወዳጅ አንጀት ሲቃጠል ዋጋው ያኔ ይታወቃል። ካፒቴን ዘንዶ በመግደልም፣ መኪና በማሽከርከርም፣ እርሻ በማረስም ዋንጫ አለው። የገዛ በረንዳው ላይ ያለችውን አንዲት አበባ ግን ሚስቱ ካልጮኸች ውሃ አያጠጣትም። አበባ ቲንግ አትልም።

የሚስቱ ታናሽ እህት ባል ፋርማሲስት ነው። ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ፣ ለአማቱ የደም ግፊት መድኃኒት በእጁ ይዞ የሚመጣ ዓይነት ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ለዘመድ ትልቅ መቅሠፍት ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ይለካል። ጌም ያስለመደው ካፒቴን ራሱ ነው፤ ከሥሩ የሚሰለፍ ተከታይ ፈልጎ። ተከታዩ ግን ሮጦ አጠገቡ ደረሰ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካፒቴን ሰላም የለውም። የሞተር ክፍሉ ውስጥ ገመድ እየቀባ ስልኩ ይንጫጫል፦ ፋርማሲስቱ ብር አገኘ። በር እየፈታ፦ ፋርማሲስቱ ወርቅ አገኘ። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የሚያየው የዚያን ሰው ዋንጫ ነው።

«ዛሬም እሱን ነው?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን፣ ከአፏ መርፌ ሳታወጣ።

«ዝም ብዬ ነው። ጎበዝ ነው እኮ። ዕድልም አለው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንዲህ ብታየኝ ኖሮ ይሄኔ ስድስት ልጅ ወልደን ነበር።»

በመጨረሻ ሁለቱ የአውሮፕላን በረራ ጌም ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ሁሉንም ዋንጫ ለቀሙ፤ ከአንድ በስተቀር። ስሙ «የወጀብ ልጅ» ይባላል። ሁለት ሞተር ያላትን የመንገደኛ አውሮፕላን ነጎድጓድና የጎን ንፋስ ባለበት በእጅ አሳርፍ ይላል፤ ራሷን እንድትነዳ ማድረግ ክልክል፣ ጌሙን ለአፍታ ማቆምም ክልክል። ይህን ያገኘ ፕላቲነሙንም በዚያው ይወስዳል። እንግዲህ የካፒቴን ሕይወት ጥያቄ ወደ አንድ መስመር ጠበበ፦ ማን ይቅደም?

ካፒቴን ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ከወጀቡ ጋር ጦርነት ገጠመ። ንፋስ ክንፏን ሲያነሳው ይረግጠዋል፤ አፍንጫዋ ሲወርድ በሁለት እጁ ይጎትታል። ጥርሱን ይነክሳል፣ ከወንበሩ ይነሳል፣ ክንዱ መደገፊያ ወደሌለበት ጎን ተንሸራቶ ይወድቃል። አውሮፕላኗ እንደ ሰከረች በቅሎ ተፈራግጣ መሬት ትበላለች። «ንፋሱ የተጭበረበረ ነው!» ይላል። ሚስቱ ከመተላለፊያው፣ «ነፍስ ይማር!» ትላለች፤ ለስንተኛው መንገደኛ እንደሆነ እንጃ።

መጽናኛው አንድ ነበር፤ ፋርማሲስቱም አልቻለም። ካፒቴን በየምሽቱ ይደውልለታል።

«እህስ?»

«ተከሰከስኩ፣ ካፒቴን።»

«አይዞህ፣ አይዞህ!» በዚያ «አይዞህ» ውስጥ የነበረው ደስታ አንድ ሠርግ ይደግሳል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ፋርማሲስቱ ቤት ተሰበሰበ። ምሳ ተበልቷል። እህትማማቾቹ ሶፋው ላይ የአንዲት ጎረቤት ትዳር ላይ ፍርድ ይሰጣሉ፤ እናታቸው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ያያሉ። ፋርማሲስቱ ጆይስቲኩን አንሥቶ፣ «ካፒቴን፣ እስቲ አጠገቤ ሁንና ስህተቴን ንገረኝ» አለ። ካፒቴን ወንበር ስቦ ተጠጋ። የሰው ስህተት፣ ያውም ከፊት ረድፍ!

ስህተቱ ግን ቀረ። ዝናቡ የአውሮፕላኗን መስታወት ይገርፋል፣ መብረቁ ሳሎኑን ነጭ እያደረገ ያልፋል፣ አውሮፕላኗም ትናጣለች፤ ግን አልወደቀችም። ከደመናው ሆድ እየወጣች ነው። 

«እንዴት ነኝ?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ወደ ግራ አዘንብለሃል» አለ ካፒቴን። አላዘነበለም።

ይሄኔ የፋርማሲስቱ ስልክ ጮኸ። ከመድኃኒት ቤቱ ነው፤ ተረኛዋ የሐኪሙን ጽሑፍ ማንበብ አቅቷታል፣ አንዲት እናት የታመመ ሕፃን ታቅፋ ፊቷ ቆማለች። ጌሙን ቢያቆም ዋንጫው ይሰረዛል፤ ስልኩን ቢዘጋ እሱ እሱ አይሆንም።

«ካፒቴን፣ በሞቴ ያዝልኝ! ጎማዋ ወርዷል፣ ፍጥነቷን አስተካክያለሁ፤ አንተ ብቻ አደራ!» ጆይስቲኩን የካፒቴን ጭን ላይ ጥሎ ወደ በረንዳ ሮጠ።

ወገኖቼ፣ ለምቀኛ እንዲህ ያለ ዕድል በታሪክ ተሰጥቶ አያውቅም። የጠላት ጦር መሣሪያውን አስረክቦ፣ «አደራ» ብሎ ወጣ!

አፍንጫዋን ደፍቶ መሬት ቢተክላት አማቱ ያያሉ። ስለዚህ ዘዴ አሰበ። ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቆያል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ የሚታገል ይመስላል፤ ጣቶቹን ግን አንሥቶ ይለቃታል። ወጀቡ ራሱ ይጨርሳት። ገዳይ ንፋስ፣ ካፒቴን ሐዘንተኛ።

ለቀቃት።

አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ ተንገዳገደች፣ ወደ ግራ ተንገዳገደች፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ መልሳ ዝቅ አደረገችና ቀጥ አለች። ዐይኑን አላመነም። ሌላ ንፋስ መታት፤ ተወዛውዛ ተቃናች። አውሮፕላን የተሠራችው እንድትበር እንጂ እንድትወድቅ አይደለም፤ ሲገፏት ትመለሳለች። እሱ ቤት ስትገለባበጥ የኖረችው ወጀቡ በዝቶባት አልነበረም። ካፒቴን ነበር የበዛባት፦ በእያንዳንዱ ንፋስ እየደነገጠ ሲጎትታት፣ የጎተተውን ሊያርም ሲገፋት፣ የገፋውን ሊያርም መልሶ ሲጎትታት። ዛሬ ሊገድላት እጁን ቢያነሳላት ተንፍሳ ዳነች።

«ውደቂ እንጂ!» አለ በጥርሶቹ መሃል።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉ አማቱ።

«እየጸለይኩላት ነው፣ እማማ።»

«ይስማህ።»

የማረፊያው መብራቶች ከዝናቡ ውስጥ ወጥተው ፊቱ ተሰለፉ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲታገል እንዲህ ቀጥ ብለው አይቷቸው አያውቅም። እዚህ ላይ ምቀኝነቱ ለአንዲት ትንፋሽ ተዘናጋ፤ ስስት ቀደመው። አውራ ጣቱ ሳያማክረው አፍንጫዋን ቀስ አድርጎ አቀና። ጎማዋ መሬቱን ሳመ። ውሃ እየረጨች ሮጠች፣ ሮጠች፣ ቆመች።

«ቲንግ!» ወርቁ። «ቲንግ!» ፕላቲነሙ። በማን ስም? በፋርማሲስቱ ነዋ! ማሽኑ የሚያውቀው የተመዘገበበትን ሰው ነው፤ የማን ጣት እንደነካው አይመረምርም። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልየው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ፋርማሲስቱ ከበረንዳው ሲመለስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ዘሎ ካፒቴን አንገት ላይ ተጠመጠመ። «እኔ አይደለሁም! ሁላችሁም ስሙኝ፣ ይሄ የካፒቴን ነው! ለሚያውቀኝ ሁሉ እናገራለሁ!» እያለ ጮኸ። ይህ የባሰ ነበር። ቢሰርቀው ኖሮ ቢያንስ ሌባ ብሎ ይሰድበው ነበር።

«ይሄ ልጅ እኮ» አሉ አማትየው ወደ ፋርማሲስቱ እየጠቆሙ፣ «በረንዳ ቆሞ ዋንጫ ይገባለታል! ዕድል ማለት ይሄ ነው።» ወደ ካፒቴንም ዞሩ፤ «አንተም ተባረክ። የራስህን ትተህ ለወንድምህ!»

ሚስቱ ከሶፋው ተነሥታ አጠገቡ መጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ ዐይን ዐይኑን አየችው። «እንዲህ ያለ ልብ እንዳለህ አላውቅም ነበር» አለችው ቀስ ብላ። ካፒቴን መሬት ብትከፈት ሊፍትም ሳይጠብቅ ይወርድ ነበር።

«ግን ምን አድርገህ ነው? ንገረኝ፣ ልማር» አለ ፋርማሲስቱ።

ምን ይበል? እንድትወድቅብህ ብዬ ለቀቅኳት ይበል? ጉሮሮውን ጠረገ። «ልምድ ነው» አለ። «ወጀብ... ወጀብ ሰው ያውቃል።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶ ቃል አግኝቶ ራሱን የማይነቀንቅ ጉባኤ የት አለ?

ቤቱ ሲገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ወጣ። ምሥጢሩን አግኝቷል፦ መልቀቅ ነው፣ በቃ። አስነሳት፣ ወጀቡ ውስጥ አስገባት፣ ጣቶቹን አነሣ። የመጀመሪያው ንፋስ ክንፏን ሲነካው ግን ጣቶቹ በራሳቸው ተመልሰው ጎተቷት። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ጎተታት። እጆቹን ሥሩ ከትቶ ተቀመጠባቸው፤ ከሥሩ ተምዘግዝገው ወጡ። የፋርማሲስቱን አውሮፕላን ሲለቅ ምን ገዶት? ብትሞት የሚስቅ እሱ ነው። ይህች ግን የራሱ ናት። የምትወድቀውም በራሱ ስም ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲከሰከስ ሰነበተና አንድ ሐሳብ መጣለት። ለዚህ ሐሳብ ባለቤት ሐውልት ሊሠሩለት ይገባል። ጣቱን የሚያነሣ ሰው ያስፈልገዋል፤ ለእሱ አውሮፕላን ክፉ የሚመኝ ሰው። ፋርማሲስቱን ጋበዘው።

ከፕላቲነሙ በኋላ ይህ ሰው የዋንጫው ባለቤት እኔ ብቻ ልሁን ሳይል ይቀራል? ሰው አይደለም? ሆዱ ውስጥ አንዲት ጠብታ ክፋት አትጠፋም፤ ካፒቴን የሰውን ልጅ በራሱ ልክ ነው የሚሰፋው። ቅዳሜ ከሰዓት ፋርማሲስቱን አጠገቡ አስቀመጠ፣ አውሮፕላኗን ወጀቡ ውስጥ አደረሳት፣ ጎማዋን አወረደ፣ ፍጥነቷን አስተካከለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ማንም አልደወለም።

«አቤት? ሊፍት ተቀርቅሮ? ሰው ውስጥ አለ?» ጆይስቲኩን አቀበለው። «ያዝልኝ። አደራ አልልህም፤ እንደ ፍጥርጥርህ።»

መተላለፊያው ውስጥ ከስፌት መኪናው ጎን ቆመ። ሚስቱ ቀና ብላ፣ «ማነው የደወለው?» አለችው።

«ዝም በይ» አለ፤ ጆሮው ሳሎኑ ውስጥ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ለሰው ክፋት ጸልዮ አያውቅም። ቅናብኝ፣ ይል ነበር በሆዱ፤ እባክህ፣ ለአንድ ደቂቃ ቅናብኝ!

ከሳሎኑ ማቃሰት ተሰማ። ወንበሩ ጮኸ። «ኧረ አትሂጂብኝ! ኧረ በናትሽ!» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የመከስከስ ድምፅ።

ፋርማሲስቱ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ብቅ አለ። ዐይኖቹ እንባ ሊያወጡ ምንም አልቀራቸው።

«ካፒቴን፣ ይቅር በለኝ። አንዲት ሰከንድ እንኳ አልለቀቅኳትም። ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የያዝኳት፤ የራሴም ብትሆን እንዲህ አልታገልላትም ነበር።»

 «አውቃለሁ» አለ ካፒቴን። «አንተ ምን ታደርግ። ልብህ ንጹሕ ነው።»

ፋርማሲስቱ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገነው። ሚስቱም ከስፌት መኪናው ላይ ፈገግ አለች። በዚያ «ልብህ ንጹሕ ነው» ውስጥ ያለውን ጥላቻ ከካፒቴን በቀር የሰማ አልነበረም።