ከበሮው እስኪገባ

ዜማ ተቀባይ ካላገኘ ግማሽ ነው። በተማርሁበት የአቋቋም ጉባኤ ቤት ቀኝና ግራ ሆነን እንቆም ነበር፤ ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል፣ ግራው ሲመራ ቀኙ ይቀበላል። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ለብቻው የሚያዜመውን ተማሪ የኔታ «ለግድግዳው ነው የምትነግረው?» ይሉት ነበር። ዶሐ ከመጣሁ ወዲህ ለግድግዳ የምነግረው እኔ ሆኛለሁ። የምወደው ነገር አለኝ፤ የሚቀበለኝ ግን አጣሁ። ነገሩም ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከአፍ ለማውጣት የሚከብድ ነው፦ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ የሚጫወቱ፣ አንዲት ቃል የማያወጡ፣ ከአንድ ቀዝቃዛ አገር የሆኑ ሁለት ሰዎች ሙዚቃ ነው።

ሙዓይዘር በሚገኝ አንድ ቪላ የቤተሰብ ሾፌር ነኝ። የቤቱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አደርሳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልጅቱ ስልኳን ከመኪናው ጋር አገናኝታ አንድ ነገር ከፈተች። መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ነፋስ የመሰለ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ ጥቃቅን የብረት ድምፅ ተጨመረበት፤ እኔም ልብ አላልሁትም። ኋላ ግን ከወንበሬ ሥር አንድ ከባድ ነገር ይመታ ጀመር፤ ጀርባዬን ነዘረኝ። ጎማ ተበላሸ ብዬ የአደጋ መብራት አበራሁ፣ ዳር ያዝሁ፣ ወርጄም ጎማዎቹን በእግሬ እየመታሁ ዞርሁ። ልጅቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ያ ዐሚ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ጎማው ነው፤ እየመታ ነው።»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ሙዚቃው ነው» አለች።

አፍሬ ተመለስሁ። መንገዱን ከመጨረሳችን በፊት ግን ኀፍረቱ ለቀቀኝና ሌላ ነገር ያዘኝ፤ ሙዚቃው የማውቀውን መንገድ ሲሄድ ሰማሁት። እኛ ማኅሌት ስንቆም በከበሮ አንጀምርም። በቁም ዜማ እንጀምራለን፤ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያችንን ይዘን ወዲህና ወዲያ እንላለን። ከዚያ መረግድ ነው፤ ከበሮው የሚገባው ያኔ ነው፤ ከባድና ዝግ ያለ ነው። በመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ይህን ሥርዓት ከማንም እንዳልተማሩት አውቃለሁ። ማኅሌት ነው አላልሁም፤ ማኅሌት የእግዚአብሔር ነው፣ ይህ የሰው ነው። ኅብስት ሁሉ ቍርባን አይሆንም፤ ቍርባን ስላልሆነ ግን ኅብስት አይናቅም።

ልጅቱን ለምኜ ስልኬ ላይ አስጫንሁት። ሾፌር ከመንዳት ይልቅ መጠበቅ ይበዛበታልና በየገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ የመኪናውን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ሰማሁት። ሌሎቹንም ሥራዎቻቸውን አጠናሁ፤ ከሁሉ ግን ያ መጀመሪያ የሰማሁት ረጅሙ ይበልጥብኛል። የምወድላቸው አለመቸኮላቸውን ነው። አንድ ድምፅ ካስቀመጡ በኋላ ሌላውን ለመጨመር ሰው በሚጓጓበት ጊዜ እነርሱ ይጠብቃሉ፤ ከበሮውን የሚያስገቡትም ጆሮ ተስፋ ሊቆርጥ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚህ አገር የማልቸኩልበት ጊዜ እርሱን የምሰማበት ብቻ ነው።

ለማካፈል ያደረግሁት ሙከራ ግን ሁሉ መናደጃ ሆነብኝ። ኡም ሰላል መሐመድ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጥቂት ሰምታ መለሰችልኝ።

«አባባ፣ ይኼማ የማዳም የልብስ ማጠቢያ ነው። በዕረፍት ቀኔ እንኳ ይኼን ያሰሙኛል?»

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት ደግሞ ነገሩን ወደ ነገረ ሃይማኖት ወሰደው። «አባታችን፣ ዘፈን እኮ ነው።»

«ቃል የለውም፤ ምን ብሎ ያስታል?» አልሁት።

«ቃል የሌለውማ ይብሳል። ምን እንደሚል በምን እናውቃለን?»

ቅኔ ተምሬ፣ በጉባኤ ተከራክሬ ለአንድ ልጅ መልስ ማጣቴ ቤት እስክገባ ድረስ ሲያበግነኝ ዋለ።

ከሁሉም ይልቅ እንዲሰማልኝ የፈለግሁት ግን አንድ ሰው ነበር፤ መሪጌታ ነው የምለው። በአንድ ጉባኤ ቤት ተምረናል፤ እርሱ በግራ ይቆም ነበር፣ እኔ በቀኝ። ከበሮ እንደ እርሱ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ እርሱ መረግዱን ሲመታ መሬቱ ራሱ የሚመልስለት ይመስል ነበር። እዚህ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ኖረ፤ ማደሪያው ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ነው፣ ከወጣት ሾፌሮች ጋር በአንድ ክፍል። ዓርብ ዓርብ እጠይቀዋለሁ፤ በሄድሁ ቍጥርም ስልኬን አወጣለሁ።

«አባባ፣ ዛሬም ጄኔሬተሩን አመጡት?» ይለኛል ከልጆቹ አንዱ፣ አልጋው ላይ እንደ ተጋደመ።

መሪጌታ ግን በቁም ነገር ጆሮውን ያዘነብላል። ጥቂት ይሰማና «ጸናጽሉን ሰማሁት። ከበሮው የታለ?» ይላል።

«አለ። ስልኩ አያወጣውም እንጂ አለ። ትልቅ ማጉያ ይፈልጋል።»

«የማይሰማ ከበሮ! በእምነት ብቻ የሚሰማ ነው በለኛ።»

ልጆቹ ይሥቃሉ። የጆሮ ማዳመጫ ገዝቼ ወሰድሁለት፤ ያን ደግሞ በጣቱ ነክቶ ወደ እኔ ገፋው። «ጆሮዬን ደፍኜ ለብቻዬ የምሰማው ዜማ የለኝም። እኔ ስሰማ አንተ ምን ልታደርግ ነው? አፌን እያየህ ልትቀመጥ?»

እውነቱን ስለ ተናገረ ይበልጥ ተናደድሁ። የምፈልገው አብሮ መስማት ነበር፤ ለአብሮ መስማት ደግሞ መኪናው ያስፈልጋል፤ መኪናው የአሠሪዬ፣ የባባ ነው፣ ሰው መጫን አይፈቀድልኝም።

ከዚያ መሪጌታ ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ሳይታደስ ቀረ። ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊገባ ሆነ። እርሱ ሲደሰት እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሰው ከሄደ በዚህ አገር ዝማሜን ከመረግድ ለይቶ ያን ሙዚቃ የሚቀበለኝ አይኖርም። ባባ ዘንድ ቀረብሁ፤ ወዳጄን ወደ አየር ማረፊያ በመኪናው ላድርሰው ብዬ ጠየቅሁት።

«ሽማግሌ ነው?»

«ሽማግሌ ነው።»

«ኸላስ፣ ውሰደው። ማዳም ግን ትፈልግሃለች፣ እንዳትቆይ።»

ዐሳቤን ጨርሼ ነበር። ከኦልድ ኤርፖርት እስከ አየር ማረፊያው መንገዱ አጭር ነው፣ ሙዚቃው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብዬ ልወስደው፣ በኮርኒሹ በኩል በባሕሩ ዳር ዞረን ልንሄድ፣ ከቁም ዜማው እስከ ጽፋቱ ልናዳርሰው ነበር። ስደርስ መሪጌታ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሻንጣው ከተፈቀደው ክብደት አልፏል። ያቺ የኡም ሰላሏ እኅታችን ለእናቷ ብርድ ልብስ ልካለች፤ ሌላው የዱቄት ወተት፣ ሌላው ሽቶ፤ ሁሉም «ትንሽ ናት» እያለ ያቀበለው ነው። ብርድ ልብሱ ይወጣል፣ ሻንጣው ይመዘናል፤ ወተቱ ይወጣል፣ ብርድ ልብሱ ይመለሳል።

«የሰው አደራ ነው፣ እንዴት ትቼ እሄዳለሁ?» ይላል መሪጌታ።

«ካባህን አውጣ እንግዲህ» አልሁት ተማርሬ።

«ካባዬን ለብሼ እሄዳለሁ።»

በሙቀቱ ላይ ካባውን ደረበ። ኮርኒሹ በዚያው ቀረ። ይህ አልበቃ ብሎ ከክፍሉ ልጆች ሁለቱ «እንሸኛቸው» ብለው ከኋላ ገቡ።

መንገድ እንደ ጀመርን ከፈትሁት። ያ ነፋስ የመሰለው ድምፅ መኪናውን ሞላው፤ ወዲያው ከልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ ደውሎ «ሄሎ፣ እየመጡ ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ አያመልጡሽም» ይል ጀመር።

«ልጆች፣ እባካችሁ ዝም በሉ» አልሁ። ድምፄ ከዐሳቤ በላይ ወጣ። ልጁ ስልኩን ዘጋ፤ ለጓደኛውም «ከፍቷቸው ነው» ሲል ሰማሁት።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞረ። «ልታለቅስ ነው እንዴ? መንገዱን እያየህ አልቅስ።»

«አይደለም። ስማ።»

ሰማ። ጥቃቅኑ የብረት ድምፅ በገባ ጊዜ ዐይኑን ከመንገዱ አነሣ። ሁለት እጁን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ በጉልበቶቹ መካከል አቆመ፣ መቋሚያ እንደ ያዘ ሰው፤ ካባውም ወዲህና ወዲያ ማለት ጀመረ። ከበሮው ሊገባ ጥቂት ነበር የቀረው። በዚያች ሰዓት ሙዚቃው ቀጥ አለና በእርሱ ፈንታ የማዳም ድምፅ መኪናውን ሞላው፤ ስልኬ ነበር።

«ዌን ኢንተ?»

መንገድ ላይ መሆኔን ነገርኋት። ዐባያዋን ከላውንደሪ እንድወስድ፣ ከዚያ በመጋገሪያው በኩል እንዳልፍ፣ ዳቦው ያለፈው ሳምንት ዓይነት እንዳይሆን፣ ያለፈው ሳምንት ዓይነት ከሆነ እንዳልገዛው ነገረችኝ።

«ኢንሻአላህ፣ ማዳም።»

«ሽማግሌው አብሮህ ነው? በሰላም ይግባ በለው።»

በሰላም ይግባ ማለቷን ነገርሁት። አመስግናት አለኝ፤ አመሰገንሁለት። ስልኩ ሲዘጋ ሙዚቃው ከተቋረጠበት ቀጠለ፤ እኛ ግን የመንገደኞች መውረጃ ደርሰናል። ልጆቹ ሻንጣውን አወረዱ። መሪጌታ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ተቀመጠ።

«ይኼ ዝማሜ ነው» አለ። አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ።

«ነው።»

«ከበሮው የታለ?»

ይህን በየዓርቡ ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን አላሾፈም።

«ሊገባ ነው።»

«መቼ?»

ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋ። ቦታውን የሚያስለቅቀው ሰው መጥቶ ጣሪያውን መታ አደረገና «ያላ፣ ያላ» አለ። መሪጌታ ወረደ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

«ስትደርስ ንገረኝ» አልሁት።

«አንተ ንገረኝ፣ ከበሮው ሲገባ» ብሎ ሻንጣውን እየገፋ ሄደ። ካባው በመስታወቱ በር ሲያልፍ አየሁት።

ከአየር ማረፊያው ሳንርቅ ገባ። ከወንበሬ ሥር ያ ከባድ ምት ተነሣ።

«አባባ፣ ቆም ይበሉ» አለ ከኋላ ያ ሙዚቃውን ጄኔሬተር ይለው የነበረ ልጅ። «ጎማው ነው መሰለኝ።»

«ጎማው ደኅና ነው።»

«ኧረ እየመታ ነው!»

«ሙዚቃው ነው።»

በመስታወቱ አየሁት፤ እጁን ወንበሩ ላይ ጭኖ ምቱን በመዳፉ ያዳምጥ ነበር። ተስፋ አደረግሁ፤ ጽፋቱ ሊጀምር ሲል ግን «እዚህ ጋ ይበቃናል፣ አባባ፣ ሹግል አለብን፣ ሥራ ይረፍድብናል» ብለው ወረዱ።

ላውንደሪው በር ላይ ቆሜ እንዴት እንደምነግረው አሰብሁ። ሙዚቃውን ብልክለት እርሱም ቤት ያለው ስልክ ብቻ ነው፤ ያው ጸናጽሉ ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ የስልኬን የድምፅ መቅጃ ከፈትሁ። በአፌ ዝማሜውን እያዜምሁ፣ መረግዱን በመዳፌ በመኪናው በር ላይ እየመታሁ፣ ወደ ጽፋቱ አሸጋግሬ ጨረስሁ። የላውንደሪው ሠራተኛ ዐባያውን ይዞ ወጥቶ ሲያየኝ ነበር። ማዳም ዳግመኛ ደወለች። ልኬ ሄድሁ።

መልሱ ከብዙ ቀን በኋላ መጣ፤ የመሪጌታ ድምፅ ነው፣ ከኋላው ዶሮ ይጮኻል።

«ሰማሁት። ሰዎችህ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ዝማሜውን ዐውቀውበታል። ከበሯቸው ግን ይቸኩላል። መረግዱ ሳይረጋ ወደ ጽፋት ሮጡ።»

ደጋግሜ ሰማሁት። የቸኮለው የእኔ እጅ ነው፤ የማዳም ዐባያና ዳቦ ያስቸኮሉት እጅ ነው። ይህንኑ ነገርሁት፤ «ያ እኔ ነኝ እንጂ እነርሱ አይደሉም፤ እነርሱ አይቸኩሉም» አልሁት።

«አንተማ ድሮም ትቸኩል ነበር» ብሎ መለሰልኝ። «ለሰው ግን ጥብቅና አትቁም። ጥሩ ናቸው ብያለሁ እኮ።»

ሙዚቃውን ራሱን ላክሁለት። ጸናጽሉን ሰማሁት አለ።

ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ መጠበቅ የሚያውቁት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ከበሮ የሚያውቀው አንዱ ደግሞ ችኩሎች ናቸው ብሎ ፈርዶባቸው አገር ቤት ተቀምጧል፤ ማስረጃው የእኔ እጅ ነው።