ለአንዲት ቆቅ ያለቀ ጉልበት

በእኛ አገር፣ በመንዝ፣ ቆቅ በጥይት አትታደንም። ጥይት የገደላት፣ ወጥመድ ያነቃት፣ ውሻ የዘነጠላት ሁሉ በክት ናት፤ ክርስቲያን አይቀምሳትም። በሕይወቷ ተይዛ፣ በስመ አብ ተብሎ ነው የምትታረድ። በሕይወቷ የምትያዘው ደግሞ በሩጫ ነው። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ሲራቆት ሰዎች ከላይና ከታች ሆነው ያስነሷታል። ትበራለች፣ ታርፋለች፣ ደግመው ያስነሷታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከበረረች ክንፏ ይዝልና በእግሯ ትሄዳለች። ተንኮሏ እዚህ ላይ ነው፤ ስትበር ቁልቁል ትበራለች፣ ስትሮጥ ሽቅብ ትሮጣለች። አዳኙ ግን ቁልቁሉንም ሽቅቡንም በእግሩ ነው። ይህን ያዘጋጀ ፈጣሪ ወፍራም ሰው ይወዳል ብዬ አላምንም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከታላቅ ወንድሜ ነው። ከቀየት ከተማ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ነው ቤቱ። በጉብዝናው ጊዜ የዚያ ገደል ቆቆች ሳሉን ሲሰሙ ንስሐ ይገቡ ነበር። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ተቀምጦ የሚያድግ ፍጥረት ነው፤ እኔም ባለፉት ዓመታት ያደግሁት ወደ ፊት ብቻ ነው። የራሴን ሱሪ ወገብ ከማስፋቴ ብዛት የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኛል።

በዚያ ዓመት ወንድሜ ሳንባውን ታሞ ደብረ ብርሃን ብዙ ከረመ። መድኃኒቱን ጨርሶ ሲመለስ ሐኪሙ ለሚስቱ የነገራት አጭር ነበር። በሽታው ለቆታል፤ ከእንግዲህ የሚገድለው አለመብላቱ ነው። እሱ ግን አፉ ተዘግቶ ነበር። ኅዳር መግቢያ ላይ ልጠይቀው ስሄድ ያቀረቡለትን ዶሮ በጣቱ ነካ አድርጎ ገፋው። ትከሻው ጋቢውን መሸከም አቅቶት ጋቢው ይንሸራተታል።

ሚስቱ ውጭ ድረስ ሸኝታኝ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ቀልደኛ ነህ፣ እስኪ አንድ ነገር በለው። እኔ ለምኜ ለምኜ ቃል አለቀብኝ» አለችኝ።

ተመለስሁና መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ጋሼ፣ ምን ቢሆን ትበላ ነበር?»

«ቆቅ ብትሆን» አለ።

«እሷ ምን ችግር አላት? ለገና እኔ ራሴ ሮጬ እይዝልሃለሁ።»

ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ምጣድ ልትዋስ የገባች ጎረቤት ሳትቀር ምሰሶ ይዛ ሳቀች። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። ሆዴን አየ፣ እግሬን አየ፣ ከዚያ «እሺ» አለ።

ያቺ «እሺ» ናት ጉዴን ያፈላችው። ስቆብኝ ቢሆን ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። አመነኝ።

ልምምዱን የጀመርሁት የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ እንደሆነ፣ በረባሶዬን አጥልቄ ከከተማው በላይ ወዳለው ጋራ ወጣሁ። መጀመሪያ ቀን ከቤቴ እስከ ጋራው ግርጌ ሮጥሁ። ሮጥሁ ስል፣ ጭነት የያዘ አህያ አጠገቤ ይሄድ ነበር፤ እኔም አልቀደምሁት፣ እሱም አልቀደመኝም፣ ተከባብረን ደረስን። ባለ አህያው እያየኝ ቆይቶ፣ «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለኝ። በመንዝ ትልቅ ሰው የሚሮጠው ወይ ሰው ሲሞትበት ወይ ከብት ሲጠፋበት ነው። ቆቅ ለመያዝ ነው ብል ጠበል ሊወስዱኝ ነው። «በግ ጠፍቶኝ ነው» አልሁት።

«ምን ዓይነት?»

«ጥቁር።»

በመንዝ ጥቁር በግ ጠፋብኝ ማለት ገደል ስር ድንጋይ ጠፋብኝ እንደ ማለት ነው። በማግስቱ መንገደኛው ሁሉ «በጉ ተገኘ ወይ?» ይለኝ ጀመር። ለመተንፈስ በተቀመጥሁበት ሁሉ ሰው እየመጣ ያጽናናኛል። በሳምንቱ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጥቁር በግ በገመድ ይዘው ጋራው ጫፍ ላይ ጠበቁኝ።

«ይኸው ልጄ፣ እግዜር ይመስገን። ከእኔ በጎች ጋር ተቀላቅሎ አገኘሁት።»

«አባቴ፣ የእኔ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነህ? እስኪ ደኅና አድርገህ እየው። ሰው ሲደክመው ከብቱን አይለይም።»

የእኔ አለመሆኑን ለማሳመን ከሩጫው የበለጠ ላብ አላበኝ። ሽማግሌው በጉን እየጎተቱ ሲመለሱ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አዝነው ነበር።

ቀልዱ ግን እዚያ ላይ ያልቃል። ድካሙ ነው የሚቀጥለው። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም፤ ሲቀመስም ሽሮ ነው። ጠዋት ጋራውን በባዶ ሆዴ ወጥቼ ወርጄ ስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ጨርቁና እኔ ማን ማንን እንደሚሰፋ አይታወቅም። የአንድ መምህር ሱሪ እግሩን ጫፍ ለጫፍ ሰፍቼ ዘጋሁት፤ ሊለካው ሲገባ እንደ ስልቻ ሆኖ ጠበቀው። የቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ተኝቼ ሳንኮራፋ ሰብሳቢው ንግግሩን አቋርጦ፣ «ይኼ ተቃውሞ ነው?» አለ። ጉልበቴ ነው አልሁት። ደግነቱ ሌሎቹ አራቱም ተኝተው ነበር።

ሚስቴ ማታ እግሬን በቅቤ ማሸት እምቢ አለች። «ለምግብ የተከለከለ ቅቤ ለቆቅ ሯጭ አይባክንም» አለች። ኑግ ዘይት አሞቀችልኝ። እያሸች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሞትን ልትቀድመው ነው ልትጠራው?» ትለኛለች። ጉልበቴ ስትታጠፍ እንደ ደረቅ እንጨት ትጮሃለች፤ ከአልጋ መነሣት ራሱ አንድ ጋራ ነበር። ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚያልቀው እግሩ ይመስላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያለቀብኝ ወሬ ነው። ከጋራው ስመለስ ደንበኛ ይቀልድልኛል፣ እኔ ጨርቅ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ብዬ ተኛሁ። ለራሴም ነገርሁት፤ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሆድ፣ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ማን ይፈርዳል? ረፋድ ላይ ከቀየት የመጣ የሚኒባስ ረዳት በሱቄ በር አንገቱን አስገባ።

«ከወንድምህ ቤት ተልኬ ነው። ገና ስንት ቀን ቀረው ይላል።»

«እሱ ነው የጠየቀው ወይስ ሚስቱ?»

«እሱ ነው። እሷ ደግሞ፣ በል ቶሎ ድረስ፣ ውሃ እንኳ እየጠላ ነው ብላሃለች።»

ወንድሜ ከታመመ ወዲህ ዕለቱ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ፤ ጋራውን ሁለት ጊዜ ወጣሁት። ሁለተኛውን በእጄ ጭምር ነው የወጣሁት።

የገና ዋዜማ አፋፉ ላይ ደረስሁ። አብረውኝ የሚያስነሡት የወንድሜ የማኅበር ጓደኛ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ብዙ ይበልጣሉ፣ ከሲታ ናቸው፣ ነፋስ ሲመጣ ወደ ጎን ዞረው ያሳልፉታል። አየት አድርገውኝ፣ «አንተ ከታች ሁን። ብትወድቅም ሩቅ አትወድቅም» አሉ።

ቆቋ ከታጨደው ማሳ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ተነሣች። ቁልቁል በረረች። ወረድሁ። ሽቅብ ሮጠች። ወጣሁ። ሰውዬው ከላይ አስነሷት፤ በራሴ ላይ አልፋ እንደገና ቁልቁል። እንደገና ወረድሁ። ያን ሁሉ ሳምንት የተለማመድሁት ጉልበት እስከ ሁለተኛው መውጫ አደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሮጠው ማን እንደሆነ አላውቅም። ምራቄ ደም ደም አለኝ። ዐይኔ ፊት ገደሉ ሁለት ይሆናል፣ ቆቋም ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቱም ከእኔ ይሻላሉ። በመጨረሻ ክንፏን እየጎተተች ድንጋይ ካብ ሥር ገባች። ሰውዬው ከላይ፣ «በእጅህ፣ ቀስ ብለህ በእጅህ» ይላሉ። ጎንበስ አልሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። ከነሙሉ ሰውነቴ ወደቅሁባት።

ስነሣ አንገቷ ወደ ጎን ተቆልምሞ ነበር። ሙቀቷ ገና አልለቀቃትም። ሰውዬው ደርሰው ደረቷ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ልቧ አይመታም። ቢላዋቸው ወገባቸው ላይ ነበር፤ እኔ ቢላዋውን አየሁ፣ እሳቸውም እኔ እንዳየሁ አዩ።

«ለታመመ ሰው በክት?» አሉ በዝግታ።

«እኔ ምንም አላልሁም።»

«ዐይንህ ነው ያለው።» ካቡ ላይ አስቀምጠዋት ለአሞራ ተውናት። እስከ ቤት ድረስ ያን ያህል መንገድ ዝም ብዬ ስሄድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድሜ መደቡ ላይ በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ በር በሩን ያይ ነበር። ሚስቱ እጄን አየች፤ ባዶ ነው። ጋቢዬ ላይ ላባ አለ።

«የታለች?» አለ።

ምን ልበል? የማውቀው አንድ ነገር ማጋነን ነው፤ ጀመርሁ። «ጋሼ፣ ቆቅ አልነበረችም። ሙክት ነበረች። ስትነሣ ጥላዋ እስከ...»

«ተው። ከየት ነው የተነሣችው?»

«ካጨዳው ዳር፣ ከቁጥቋጦው።»

«አንተ የት ነበርህ?»

«ታች።»

«ታች ማን አቆመህ?»

ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድሜ ወደ እሳቸው ዞረ። «አንቱ፣ ይኼን ሰውዬ ታች? እሷ መውረጃዋ ታች መሆኑን ረሱት? ሽቅብ ሊከተላት? እሱ እኮ ደረጃ ሲወጣ የሚያርፍ ሰው ነው።» በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ከዚያስ?»

«ካብ ሥር ገባች።»

«ከዚያ?»

«ወደቅሁባት።»

ሞታለች ማለት አላስፈለገኝም። ፊቱ ላይ ከሕመሙ ወዲህ ያላየሁት ቁጣ መጣ፤ የድሮ ቁጣ፣ በልጅነቴ ያባረረኝ ዓይነት።

«ቆቅ በእጅ ነው በሆድ የሚያዝ? እጅ የሚያህል ወፍ ላይ ጎተራ ይጥላሉ?» ሳለ፤ ሳሉን እንኳ አልጨረሰም፤ «ካብ ሥር ስትገባ ከኋላዋ ነው የሚገባ፣ ዝግ ብሎ፣ ጋቢ ጣል አድርጎባት። ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? ነገ አፋፉ ላይ እኔ እቀመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ በር ድረስ እንኳ...»

«በበቅሎ እሄዳለሁ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያ ሽሮ የት ደረሰ?»

«ሳትነካው የመለስከው?»

«አምጪው። በባዶ ሆዴ በቅሎ ላይ ስቀመጥ ያዞረኛል።»

አመጣችው። ቆረሰ። እየጎረሰ በሌላ እጁ መደቡ ላይ የገደሉን ካርታ ይሥላል፤ ይኼ ካቡ፣ ይኼ ቁጥቋጦው፣ እዚህ አንቱ፣ እዚህ ይኼ ጎተራ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ቆማ ነበር። እንጀራው ሲያልቅ ሳይጠየቅ ሌላ ጨመረች፤ እሱም ሳያየው ቆረሰ።

እኔ ምድጃው ዳር ነበርሁ። ደስ ብሎኛል፤ ዋሽቼ አላውቅም ማለት ባልችልም ይህን አልዋሽም። ግን ጉልበቴ እያበጠ ነበር፤ «ነገ» የሚለውንም ሰምቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ገና ነው። ሰው ያርፋል።»

«ከቅዳሴ መልስ ነው። ሌላ ሥራ አለህ?»

በማግስቱ ሰው ሁሉ በዓሉን ሲበላ እኔ ገደሉ መሐል ነበርሁ። እሱ አፋፉ ላይ ድንጋይ ተደግፎ፣ በባና እስከ አፍንጫው ተሸፍኖ ይሰድበኛል። አልያዝንም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልያዝንም። በየቅዳሜው ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ በየቅዳሜው ከመውጣቱ በፊት ይበላል፣ ተናዶ ሲመለስ ደግሞ አብልጦ ይበላል። በልግ ሊገባ ሲል በቅሎዋን ትቶ በእግሩ መጣ።

«ትንሽ አረፍ ልበል፣ ጋሼ» አልሁት ከካቡ ሥር።

«ቆቋ አረፈች?» አለ ከላይ።

ተነሣሁና ሽቅብ ሄድሁ።