ጋቢ ያልነበረው ጨርቅ

በጎንደር ከተማ የጣሊያን ዘመን የፑል ጠረጴዛ እንደ ሙሽራ አሳምሮ ያደሰ ከእኔ በቀር የለም። እርግጥ እንጨቱን የፋቁት፣ እግሩን የጠገኑት፣ በተልባ ዘይት ያወዙት አናጢው አያ ሙላት ናቸው። የእኔ ድርሻ ጨርቁ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ሳልፍ አንድ አናጢ አሮጌ ጠረጴዛ ዘይት ሲቀባ ሽታው አስቆመኝ።

ያ የእኛ ጠረጴዛ ሲታደስ የአስራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አያ ሙላት የፑል ቤታችንን ጠረጴዛ ካሳመሩ፣ አባቴ የጓሮዋን ክፍል ለእንጨት ሥራቸው ሊሰጣቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር። ጠረጴዛው የለበሰውን አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው አነሱና «ውኃ እንዳይነካው፤ እኔ በብሩሽ አጸዳዋለሁ» አሉኝ።

እኔ ላስደንቃቸው ብዬ ቀሃ ወንዝ ወሰድኩት። በእንዶድ አሽቼ እንደ ጋቢ ረገጥኩት። ጋቢ ይነጣል፣ ሱፍ ግን ይኮማተራል። ሲደርቅ፣ እንኳን ጠረጴዛውን ድመታችንንም አያለብስም።

አያ ሙላት ዳር ዳሩን ጎተት ጎተት አድርገው አዩትና «ምነው ልጄ፣ ጋቢ መሰለህ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

ወዲያው አባቴ ገባ። ጨርቁን አይቶ «ማነው ያጠበው?» አለ።

ጣቴን ወደ አያ ሙላት ቀሰርኩ።

እሳቸው አንዴ አዩኝ። ከዚያ መላጊያቸውንና መጋዛቸውን ሰብስበው፣ አባቴን «እንጨቱ ሸጋ ሆኗል፤ በየዓመቱ ዘይት ቀቡት» ብለውት ወጡ። ክፍሏንም ሌላ ሰው ተከራያት።

አባቴ ከሞተ ዓመታት አለፉ። እስኪሞት አብሬው ኖሬ፣ አጣቢው እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።