እህቴ የውጭ ኩባንያ ዋስ የሆነች ጊዜ

ታላቅ እህቴ ወገራ ውስጥ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። አንድ የውጭ ኩባንያ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት ሲጀምር ወኪሉ አደረጋት። ዣንጥላና ባነር ሰጧት፤ ደንበኛ ግን አልሰጧትም። ከተማው ባንድ አፍ «ፈረንጅ ገንዘባችንን ጭኖ ሊሄድ መጣ፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለ። ይህን የሚሉት ሰዎች ስልካቸው የቻይና፣ ሲያማቸው የሚውጡት ኪኒን የሕንድ ነው። ዘመድ ከውጭ የሚልክላቸውን ብርም የፈረንጅ ነው ብሎ የመለሰ ሰው አላየሁም።

እኔ ጎንደር ከተማ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። እህቴ መጥተህ አስረዳልኝ፣ አለዚያ ውክልናውን ሊነጥቁኝ ነው ስትለኝ ሄድሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ለተሰበሰበው ሰው ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ውድድር፣ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ተናገርሁ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ስደርስ ማንቀላፋት ይጀምራሉ። አገሬው ጨዋ ስለሆነ የማይሰማኝ ዐይኑን ገልጦ ነው።

ስጨርስ ሁላችን አያ የምንላቸው ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሸጋ ተናገርህ። ዋሱስ ማነው?»

በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፣ ልጅ ሲዳር ዋስ ይጠራል። ዋስ ደግሞ ቤቱ የሚታወቅ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ነው። መንግሥት ይቆጣጠረዋል ብል አያ ያዘኑልኝ መሰለኝ። ያኔ እህቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። ነገሩ እዚያው አለቀ። በማግስቱ ሰው ሊመዘገብ ሱቋን አጣበበው። ካፒታሉ ተቆጥሮ የማያልቅ ኩባንያ በአንዲት ሳሙና ሻጭ ዋስትና ወገራ ገባ፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። እኔም የእኔ ንግግር ሳይረዳ አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ክረምት ላይ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ የሰውም ብር ስልኩ ውስጥ ተይዞ ቀረ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኩባንያውን ይራገም ነበር። የእኛዎቹ ስሙንም አላነሡ፤ ዋስ እያለ ከማያውቁት ሰው ጋር ምን አጨቃጨቃቸው? እየመጡ እህቴ ደጅ ይቀመጣሉ። አይጮኹም። እንዴት አደርሽ ይሏታል፣ ልጆቿን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ እስኪመሽ ከደጇ አይነሡም። እሷ ኩባንያው ዘንድ ስትደውል አንዲት ድምጿ የተቀዳ ሴት በትሕትና «በትዕግሥት ይጠብቁ» ትላታለች። እህቴ እህል መቅመስ ተወች። አንድ ቀን በስልክ «ስሜ ነው የተያዘው» ብላ አለቀሰችብኝ። እኔም በንዴት ጦፍሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቀውም።

አገልግሎቱ ተመለሰ፤ የማንም ሳንቲም አልጎደለም። የኩባንያው ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ የሕዝቡን ትዕግሥት አደነቀ፤ ለውጭ ኢንቨስትመንት ያለው አመለካከት እንደተለወጠ በዚህ አውቄአለሁ አለና እህቴን ቲሸርት ሸለማት። እሷም ቲሸርቱን አጣጥፋ አስቀመጠች። በሚቀጥለው እሑድ ደጀ ሰላም ሕዝቡ ፊት ቆማ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁና ከዋስትናዬ አውርዱኝ ብላ ለመነች። በሰው ፊት የገቡበት ዋስትና የሚወርደው በሰው ፊት ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው አወረዷት፤ እኔም ልጠይቃት መጥቼ ነበርና ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ሱቋ እንደገና በሰው ተጨናነቀ። ዋስ የሌለው ገንዘብ ሰው ዘንድ አያድርምና ሁሉም ብሩን ሊያወጣ መጥቷል። እኔም ተሰናብቻት ወደ ጎንደር ልመለስ ስል እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አያ ብራቸውን ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ጥቂት አሰቡና ቋጠሮውን ፈትተው ብሩን ባንኮኒው ላይ መልሰው አኖሩት።

«አስቀምጭልኝ» አሏት።

«ምነው አያ? ትናንት አወረዳችሁኝ አይደለም?»

«ያ ዋስትና ለፈረንጁ ነበር» አሉ። «ይህን ያለ ዋስ ነው የምሰጥሽ።»

ቀድመዋቸው ብራቸውን ተቀብለው መንገድ የጀመሩት ሰዎችም እሷ ዘንድ ሊያስቀምጡ ተመልሰው ተሰለፉ።