ከነጆንያው የተሰጠ ቅምሻ

ሀፍሷ ደክሟታል። ያደከማት መጻፉ አይደለም፤ «ለስምሽ ይጠቅምሻል» የሚሉት ነገር ነው። ወይ ስም! ለድረ ገጹም ለሬዲዮውም ጻፈች፣ ሁሉም አመስግነው ሸኟት። ምስጋና ደግሞ ከመሳለሚያ ታክሲ አያሳፍርም።

በዩቲዩብ ትረካ የሚያቀርበው ኪዳነወልድ «እስቲ ናሙና ላኪልን» ሲላት ስለ ሟች አባቷ የጻፈችውን ታሪክ ሙሉውን ላከችለት። አባቷ አውቶቡስ ተራ ሸክም ተሸክሞ ያሳደጋት ሰው ነው። ልታሳትም ያሰበችው መጽሐፍ የሚከፈተውም በዚሁ ታሪክ ነበር። ስትልክ አንድ ረጅም ውል ብቅ አለ። ማን ያነበዋል? «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነችው።

እናቷ እትዬ ሀጅራ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ናቸው። ትረካው የተለቀቀ ዕለት ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ስልካቸውን ጆንያ ላይ አቁመው፣ «ዝም በሉ፣ የልጄ ነው» አሉ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ቅመም ሻጯ በለጥሻቸው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «በርበሬው ነው» አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ መሐል ኖራ አንዴ እንኳ አስነጥሳ የማታውቅ ሴት።

መጨረሻ ላይ ተራኪው «ድርሰት፣ የዝግጅት ክፍላችን» ብሎ ዘጋ። ሁሉም ሀፍሷን አየ። እሷ መሬት መሬቱን አየች፤ አፈረች።

ወዲያው ለኪዳነወልድ ደወለች። «ስሜስ?»

ኪዳነወልድ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ትሑት ሰው ነው። «እህቴ፣ መብቱ በሙሉ ወደ እኛ ይዛወራል ይላል እኮ ውሉ። ተስማምተሻል።»

«መጽሐፌ ላይ ላወጣው ነው።»

«እሱም የኛን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለጊዜው አንፈቅድም። ሌላ ካለሽ ግን ላኪልን፣ ሰው ወዶሻል።»

ወዶሻል ይላታል! ማንን?

እትዬ ሀጅራ ሁሉንም ሰምተዋል። አንድ ገዢ መጥቶ የተፈጨውን ጠየቀ። በጣታቸው ቆንጥረው መዳፉ ላይ አደረጉለት፤ ቀምሶ፣ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ጆንያው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ሀፍሷ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቅምሻ እንዲህ ነው የሚሰጠው። አንቺ አባትሽን ከነጆንያው ሰጠሽው?»

ከጎናቸው ቁጭ ብላ በርበሬ መቀንጠስ ጀመረች። ከማዶው ሱቅ አንዱ ትረካውን እንደገና ከፍቶታል፤ እሷም እንደማንኛውም አድማጭ ጆሮዋን ጣል አደረገች።